ኤ ኤስ አይ 533 ኤም ሲ ፕሮ፦ ትንሽነቱ የሚጠቅም የጥልቅ ሰማይ ካሜራ

ዜድ ደብሊው ኦ የሚያመርተው ኤ ኤስ አይ 533 ኤም ሲ ፕሮ ጋላክሲዎችን፣ ኔቡላዎችንና የከዋክብት ክምችቶችን ለማንሳት የተሠራ፣ ሴንሰሩን የሚያቀዘቅዝ ባለቀለም ካሜራ ነው። መግለጫውን የሚያነብ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው 9 ሜጋፒክስል የሚለው ላይ ነው፤ ብዙዎችም እዚያው ትተውት ወደ ትልቁ ይሻገራሉ። የችኮላ ፍርድ ነው። ጀማሪው ምስሉን የሚያበላሽበት ጥጉ ላይ የተጎተተ ኮከብ፣ የማያስተካክል ፍላት (የብርሃን አለመመጣጠንንና የአቧራ ጥላን ለማረም ወጥ ብርሃን ላይ የሚነሳ ፍሬም)፣ የሚወላገድ ማውንት (ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ሰማዩን የሚከታተለው ማቆሚያ) እና ምስሉ ሲቀነባበር የሚፈጸም ስህተት ነው። ከእነዚህ ግማሾቹን ትንሽ ሴንሰር ገና ከምንጫቸው ያደርቃቸዋል። ቀሪው የባለቤቱ ሥራ ስለሆነ፣ እዚህ የምንመዝነው ካሜራውን ከነአገጣጠሙና ፋይሉ በነጻው ሶፍትዌር በሲሪል ምስል እስኪሆን ካለው ሂደት ጋር ነው።

ሴንሰሩ

ውስጡ ያለው የሶኒ አይ ኤም ኤክስ 533 ነው፦ 3008 በ3008 ፒክስል፣ የአንዱ ፒክስል ጎን 3.76 ማይክሮን፣ የሴንሰሩ ጎን 11.31 ሚሜ፣ ከጥግ እስከ ጥግ 16 ሚሜ። ካሬ መሆኑ የተለመደውን ፎቶ ላየ ዓይን እንግዳ ነው። ነገር ግን ቴሌስኮፕ የሚሰጠው ብርሃን ክብ ነው፤ በክብ ውስጥ ከሚገቡ ባለአራት ማዕዘኖች ሁሉ ትልቁን ስፋት የሚይዘው ደግሞ ካሬ ነው።

ትልልቆቹ ወንድሞቹ፣ በኤ ኤስ አይ 2600 ያለው አይ ኤም ኤክስ 571 እና በኤ ኤስ አይ 6200 ያለው አይ ኤም ኤክስ 455፣ የፒክስላቸው መጠን ያው 3.76 ማይክሮን ነው። ሦስቱም ከአንድ ጣቃ የተቀደዱ ያህል ናቸው። በአንድ ቴሌስኮፕ፣ በአንድ ሰማይ ሥር፣ እኩል ሰዓት ቢያነሱ መሐል ላይ ያለው ጋላክሲ በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ዝርዝር ይዞ ይወጣል፤ ትልቁ የሚጨምረው በዙሪያው ያለውን ሰማይ ነው። 571ኛው የ533ን ሦስት እጥፍ ግድም ስፋት ይሸፍናል። ያንን ትርፍ ለመጠቀም ግን ቴሌስኮፑ 28 ሚሜ በሚያህል ክብ ውስጥ ኮከብን ሳያዛባ ማሳየት አለበት። ለ533 የሚፈለገው 16 ሚሜ ብቻ ስለሆነ፣ በትልቁ ሴንሰር ላይ ጥጉ የሚንጋደድ መካከለኛ ቴሌስኮፕ በዚህኛው ላይ ንጹሕ ይመስላል።

ሌላው ትልቅ ጥቅም የአምፕ ግሎው አለመኖር ነው። በቆዩ ሴንሰሮች ላይ ኤክስፖዠሩ (ሴንሰሩ ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ) ሲረዝም ከአንዱ ጥግ እንደ ፋና የሚፈነጥቅ ብርሃን ይታያል፤ ዳርኩ (ክዳኑ ተዘግቶ የሚነሳውና ከምስሉ የሚቀነሰው ፍሬም) ትንሽ ከሳተ ያ ብርሃን ጠባሳውን ምስሉ ላይ ይተዋል። በ533 ላይ ዳርክ ፍሬም ሲለጠጥ (ደብዛዛው እንዲታይ ሲደምቅ) የሚታየው ጠፍጣፋ ጨለማና ጥቂት የጋሉ ፒክስሎች ብቻ ናቸው።

ጌይኑን (የሴንሰሩን ምልክት የማጉያ ልክ) 100 ላይ አስቀምጡት። ጌይን 0 ላይ የንባብ ኖይዙ (ሴንሰሩ ሲነበብ ምስሉ ላይ የሚጨመረው ሁከት) 3.8 ኤሌክትሮን ግድም ነው፤ 100 ላይ ሴንሰሩ በውስጡ ወደ ሌላ የማጉያ ስልት ስለሚቀይር በአንዴ ወደ 1.5 ይወርዳል። የፒክስሉ ማጠራቀሚያ ከ50 ሺህ ወደ 16 ሺህ ኤሌክትሮን ገደማ ይቀንሳል፤ ኖይዙም አብሮ ስለወረደ ግን ከደማቁ እስከ ደብዛዛው ያለው ክልል ብዙም አይጠብም። ባለ14 ቢት መሆኑ የሚያሳስባቸው አሉ። 14 ቢት 16,384 ደረጃ ነው፤ ጌይን 100 ላይ አንዱ ደረጃ አንድ ኤሌክትሮን ያህል ስለሆነ የሚጠፋ ነገር የለም። ከ100 ማለፍ ኖይዙን በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ጌይኑ 60 በጨመረ ቁጥር ግን ማጠራቀሚያው በግማሽ ይቆረጣል፤ የከዋክብት ቀለም መጀመሪያ የሚነጣው በዚህ ነው።

ኤክስፖዠሩ ስንት ይሁን

ይህን ጥያቄ ካሜራው ራሱ ይመልሰዋል። አንድ ፍሬም በቂ ረዝሟል የሚባለው ከሰማዩ የመጣው ብርሃን የንባብ ኖይዙን ሲውጠው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የንባብ ኖይዙን በራሱ አባዙት፣ ከዚያም በ10። 1.5 ሲባዛ በ1.5፣ ሲባዛ በ10 ወደ 22 ኤሌክትሮን ይሆናል። እዚህ ላይ ከደረሳችሁ የንባብ ኖይዙ በጠቅላላው ኖይዝ ላይ የሚጨምረው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ይህን በፋይሉ ላይ ለማየት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ካሜራው የ14 ቢቱን ዋጋ በ4 አባዝቶ በ16 ቢት ፋይል ያስቀምጠዋል፤ ስለዚህ 22 ኤሌክትሮን በፋይሉ ላይ ወደ 90 ይሆናል። ባለ60 ሴኮንድ የሰማይ ፍሬምና ባለ60 ሴኮንድ ዳርክ አንሱ፤ የሁለቱን ሚድያን (መካከለኛ ዋጋ) በሲሪል የስታቲስቲክስ መስኮት እዩ። የዳርኩ 700 ከሆነ የሰማዩ 790 ሲደርስ ይበቃል። መለኪያው በጣም ደካማው የቀለም ቻናል ይሁን። በብርሃን በተበከለ ሰማይ ሥር ይህ በ10 እና በ20 ሴኮንድ ሊሞላ ይችላል፤ በጨለማ ሰማይ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይጠይቃል። ባለሁለት ባንድ ፊልተር (ከኔቡላ የሚመጡ ሁለት ጠባብ የብርሃን ቀለሞችን ብቻ የሚያሳልፍ) ሲገባ የሰማዩ ብርሃን በብዛት ስለሚታገድ ከ180 እስከ 300 ሴኮንድ የተለመደ ነው።

ከዚህ በላይ ማርዘም ትርፉ ትንሽ፣ ጣጣው ብዙ ነው። ደማቅ ከዋክብት ይሞላሉ፤ ነፋስ አንዴ ቢነካው የሚጣለው ፍሬም ትልቅ ይሆናል። ምስልን የሚያጠራው ድምር ሰዓቱ ነው፣ እሱም በስኩዌር ሩት ልክ፤ የ1 ሰዓቱን ጥራት በእጥፍ ለማሳደግ 4 ሰዓት ያስፈልጋል። 4 ሰዓት በ60 ሴኮንድ 240 ፍሬም ነው፤ አንዱ ፋይል 18 ሜጋባይት ስለሆነ ከ4 ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል።

ማቀዝቀዣውና ኤሌክትሪኩ

ማቀዝቀዣው ሴንሰሩን ከአካባቢው አየር እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ያደርጋል። ይህ ጣሪያው ነው። ማቀዝቀዣው ከ80 ወይም ከ85 በመቶ ኃይሉ በላይ እየሠራ ከሆነ የምትፈልጉትን ዲግሪ ከፍ አድርጉት፤ አለበለዚያ ሙቀቱ እየዋዠቀ ከዳርኮቹ ጋር አይገጥምም። ከ0 በታች ሲወርድ የዚህ ሴንሰር የሙቀት ኖይዝ ከሰማዩ ብርሃን አንጻር ኢምንት ስለሆነ −20 ማሳደድ ትርፍ የለውም። ዓመቱን ሙሉ ልትጠብቁት የምትችሉትን አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ −5 ወይም −10፣ ምረጡና በእሱ ጽኑ።

ካሜራው በዩ ኤስ ቢ ኃይል ብቻ ፎቶ ያነሳል፤ ማቀዝቀዣው ግን ለብቻው 12 ቮልት 3 አምፔር ይፈልጋል። ማቀዝቀዣው እየበራ ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ቀጭንና ረጅም ገመድ በመንገድ ላይ ቮልቴጁን ይበላዋል፤ ባትሪው ጋ 12.5 ሲነበብ ካሜራው ጋ 11 ሊደርስ ይችላል። ወፈር ያለ፣ አጠር ያለ ገመድ ችግሩን ይፈታዋል። በካሜራው ጀርባ ያሉት ሁለት የዩ ኤስ ቢ 2.0 መሰኪያዎች የጋይድ ካሜራ (ኮከብ እየተከታተለ ማውንቱን የሚያርም ትንሽ ካሜራ) እና የፎከስ ሞተር ይሸከማሉ፤ ይህም ከማውንቱ የሚንጠለጠለውን ገመድ በጣም ይቀንሳል፣ የተንጠለጠለ ገመድ ደግሞ ጋይዲንግን ይጎትታል። የሴንሰሩ ክፍል ውስጥ እርጥበት ከገባ ሲቀዘቅዝ ሴንሰሩ ላይ ውርጭ ይሠራል፤ ምስሉ መሐል ላይ ቀስ እያለ የሚሰፋ ጭጋጋማ እድፍ ካያችሁ እርጥበት መጣጮቹን እንክብሎች ማድረቅ ወይም መቀየር ጊዜው ደርሷል።

አገጣጠሙ

ፍላትነር (ጥጉ ላይ ያሉ ከዋክብትን የሚያቀና ሌንስ) እና ሪዲውሰር (የትኩረት ርቀቱን የሚያሳጥር ሌንስ) በብዛት እስከ ሴንሰሩ 55 ሚሜ ርቀት ይጠይቃሉ። ካሜራው ከአስማሚው ጋር 17.5 ሚሜ ይወስዳል፤ አብረውት የሚመጡት የ21 እና የ16.5 ሚሜ ቀለበቶች ሲጨመሩ ልክ 55 ይሆናል። የፊልተር መሳቢያ ከገባ በ21ዱ ቀለበት ቦታ ይተካል፣ መሳቢያው ራሱ 21 ሚሜ ከሆነ። ብዙዎች የሚዘነጉት የፊልተሩን መስታወት ነው፤ ብርሃን በመስታወት ውስጥ ስለሚታጠፍ የፊልተሩ ውፍረት አንድ ሦስተኛ በርቀቱ ላይ መጨመር አለበት። 2 ሚሜ ፊልተር ካለ 55.7 ያስፈልጋል፤ ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ ሺሞች (ማራቂያ ቀለበቶች) ይህን ይሞላሉ።

ጥጉ ላይ ያሉት ከዋክብት ወደ መሐል የሚያመለክቱ ጭረቶች ከመሰሉ ሴንሰሩ በአብዛኛው በጣም ቀርቧል፤ መሐሉን እንደሚዞሩ ከመሰሉ ርቋል። በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ነገሩ ርቀት አይደለም፣ የጋደለ ነገር አለ፤ በመጀመሪያ የፎከሰሩን ማጥበቂያ ብሎን መርምሩ።

የካሜራው የፊት መስታወት ኢንፍራሬድ አያግድም፤ በሌንስ ቴሌስኮፕ ላይ አልትራቫዮሌትንና ኢንፍራሬድን የሚያግደው ዩ ቪ አይ አር ከት ፊልተር ካልገባ ከዋክብት አብጠው ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ቀለበት ያወጣሉ። ለትንሹ ሴንሰር 1.25 ኢንች ፊልተር ይበቃል፤ ለትላልቆቹ 2 ኢንች መግዛት ግድ ሲሆን በዚህ በኩል የሚቀረው ወጪ ትንሽ አይደለም።

ፎከስን በግምት አትተዉት። በኤፍ 5 ቴሌስኮፕ (የትኩረት ርቀቱ የአፉ ስፋት አምስት እጥፍ በሆነ) ላይ ፎከሱ የሚቆምበት ክልል 0.07 ሚሜ እንኳ አይሞላም፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቱቦው ስለሚያጥር ከዚያ ክልል መውጣቱ አይቀርም። ባህቲኖቭ ማስክ (ፎከስን ለማረጋገጥ ቴሌስኮፑ ፊት የሚደረግ ስንጥቅጥቅ ክዳን) ይዞ የአየሩ ሙቀት ሁለትና ሦስት ዲግሪ በወረደ ቁጥር ማየት ይገባል።

ምን ይገባበታል

አንድ ፒክስል ስንት አርክሴኮንድ (የዲግሪ 3600ኛ ክፍል) ሰማይ እንደሚያይ የሚሰጠው ቀመር፦ 206.265 ሲባዛ በፒክስሉ መጠን በማይክሮን፣ ሲካፈል ለትኩረት ርቀቱ በሚሊሜትር። በ250 ሚሜ ቴሌስኮፕ አንድ ፒክስል 3.1 አርክሴኮንድ ሰማይ ያያል፣ ሜዳው (በፍሬሙ ውስጥ የሚገባው ሰማይ) 2.6 ዲግሪ ነው። በ400 ሚሜ 1.94 አርክሴኮንድና 1.6 ዲግሪ። በ1000 ሚሜ 0.78 አርክሴኮንድና 0.65 ዲግሪ።

1.3 ዲግሪ የሚያህለው የሮዜት ኔቡላ በ400 ሚሜ ላይ ለካሬ ሜዳ የተፈጠረ ይመስላል፤ የኦሪዮን ኔቡላም በምቾት ይገባል። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ግን ርዝመቱ 3 ዲግሪ ስለሆነ አይገባም። በ250 ሚሜ መውጫ አለ፦ ካሜራውን 45 ዲግሪ አዙሩና ጋላክሲውን ከጥግ እስከ ጥግ አጋድሙት፤ ሰያፉ 3.6 ዲግሪ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ባለ የትኩረት ርቀት ሞዛይክ (ብዙ ፎቶ አጎራብቶ መገጣጠም) ነው። ኤም 51 የተባለው ጋላክሲ በበኩሉ 11 አርክ ደቂቃ (የዲግሪ 60ኛ ክፍል) ብቻ ነው፤ በ400 ሚሜ 340 ፒክስል ገደማ ሆኖ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ በ1000 ሚሜ 850 ይደርሳል። ትናንሽ ጋላክሲዎችን ለሚወድ ሰው ረጅም ቱቦና ይህ ካሜራ የሚመሰገን ጥምረት ናቸው። ነገር ግን በ0.78 አርክሴኮንድ ማውንቱ ይፈተናል፤ የጋይዲንግ ስህተቱ ከአንድ ፒክስል ካልወረደ ዝርዝሩ ይፈሳል።

ፍላት፣ ዳርክ፣ ዲተር

ዳርክ ሳይነሱ የሚሠሩ የ533 ባለቤቶች አሉ፤ አምፕ ግሎው ስለሌለ ያስኬዳቸዋል። ያም ሆኖ 30 ዳርክ አንስቶ ማስቀመጥ የአንድ ዳመናማ ምሽት ሥራ ነው፤ ሙቀቱ፣ ጌይኑ፣ ኦፍሴቱ (ዋጋው 0 ላይ እንዳይደፋ ካሜራው የሚጨምረው መነሻ ቁጥር) እና ኤክስፖዠሩ ከሰማዩ ፍሬም ጋር አንድ እስከሆኑ ድረስ ለወራት ያገለግላሉ። ኦፍሴቱን አንዴ ከመረጣችሁ አትንኩት። የባያስ ፍሬም (ክዳኑ ተዘግቶ በአጭሩ ኤክስፖዠር የሚነሳው) ዝቅተኛ ዋጋ 0 ላይ እስካልተደፋ ድረስ ልክ ነው።

ፍላት ግን የማይታለፍ ነው። ከ25 እስከ 30 ፍሬም፣ ዋጋቸው ከ65,535ቱ 25 ሺህ እስከ 30 ሺህ ላይ፣ ካሜራው ሳይዞርና ፎከሱ ሳይነካ። የኤል ኢ ዲ ፓነል በፍጥነት ይርገበገባል፤ ኤክስፖዠሩ ከአንድ ሴኮንድ ካነሰ በፍላቱ ላይ አግድም መስመሮች ይታተማሉ። ፓነሉን አደብዝዙት ወይም ነጭ ወረቀት ደርቡበት። ከዚያ ክዳኑን ዘግታችሁ በዚያው ኤክስፖዠር የፍላት ዳርክ አንሱ።

ፍላቱ ከገባ በኋላ ጥጎቹ ከመሐሉ ይልቅ ከፈኩ፣ የአቧራ ቀለበቶቹም ጥቁር መሆናቸው ቀርቶ ነጭ ከሆኑ፣ ፍላቱ ከልኩ በላይ አስተካክሏል ማለት ነው። መንስኤው ከሦስት አንዱ ነው፦ ከሰማዩ ፍሬም ላይ ዳርክ ወይም ባያስ አልተቀነሰም፤ ኦፍሴቱ በሰማይና በፍላት መካከል ተለውጧል፤ ወይም የሰማዩ ፍሬም ላይ ከጎን የገባ ብርሃን አለ። ሦስተኛው በኒውቶኒያን (ባለመስታወት) ቴሌስኮፖች ላይ ከኋላ በኩል፣ በመስታወቱ ዙሪያ ይገባል፤ ጥቁር ጨርቅ ማሰር ይበቃዋል።

ዲተር ማለት በየጥቂት ፍሬሙ ማውንቱን በዘፈቀደ ጥቂት ፒክስል ማነቃነቅ ነው። ካልተደረገ ቀሪዎቹ የጋሉ ፒክስሎች ከሰማዩ ዝግታ መንሸራተት ጋር እየተከታተሉ ምስሉን እንደ ሰያፍ ዝናብ ያጭሩታል። ይህ ጭረት በኋላ በምንም አይፋቅም። በየ3 ፍሬሙ ከ5 እስከ 10 ፒክስል ይበቃል።

በሲሪል ውስጥ

አራት ማኅደሮች ያስፈልጋሉ፤ ለሰማይ ፍሬም፣ ለዳርክ፣ ለፍላትና ለባያስ፣ ስማቸው የሲሪል ስክሪፕት (ሥራውን በተርታ የሚያስኬድ የትእዛዝ ዝርዝር) እንደሚጠብቀው በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት። የፍላት ዳርክ ያነሳ ሰው ባያስ ማኅደር ውስጥ ቢያስገባው ስክሪፕቱ በትክክል ይሠራል። ካሜራው የሚጽፈው የቀለም ቅደም ተከተል አር ጂ ጂ ቢ (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ነው፤ ምስሉ ወጥቶ ቀይ ኔቡላ ሰማያዊ ሆኖ ከታየ መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው።

የዲስክ ቦታ አስቡ። ባለቀለሙ የ32 ቢት ፍሬም 109 ሜጋባይት ግድም ይሆናል፤ 240 ፍሬም አንዴ ሲስተካከል፣ አንዴ ሲገጣጠም ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ከ50 ጊጋባይት በላይ ይበላል። ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ቢቆም ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ሞልቶ ነው።

ስክሪፕቱ ሁሉን እስከ መደረብ (ፍሬሞቹን ወደ አንድ ምስል ማዋሃድ) ያደርሳል፤ ሆኖም ከመደረቡ በፊት ቆም ብሎ የፍሬሞቹን ግራፍ ማየት ይሻላል። የከዋክብቱ ስፋትና ክብነት የተበላሸባቸውን፣ ከመቶው አሥሩን የሚያህሉትን፣ አውጡ። ሲደረብ ምርጫው አማካይ ከነማስወገጃው (ከሌሎቹ የራቀውን ዋጋ የሚጥለው)፣ ዊንሶራይዝድ ሲግማ 3 እና 3፣ ኖርማላይዜሽኑ (የፍሬሞቹ ብርሃን ማመጣጠኛ) አዲቲቭ ከነስኬሊንጉ ይሁን። የሳተላይት መስመር በ20 ፍሬም ድርብ ላይ ያለችግር ይጠፋል፤ በ6 ፍሬም አይጠፋም፣ ምክንያቱም ማስወገጃው የትኛው እንግዳ እንደሆነ የሚለይበት በቂ ምስክር የለውም። በ250 ሚሜ ለሚያነሱ፣ ከዋክብቱ ትንንሽ ካሬ ስለሚመስሉ፣ በአዲሶቹ የሲሪል ስሪቶች ያለው ድሪዝል (ምስሉን በይበልጥ ትንንሽ ፒክስል የሚያዋቅር የመደረብ ዘዴ) ይረዳል። ድሪዝል ግን ዲተር ለሌለው ሰው ምንም አይሰጥም።

የተደረበው ፋይል ሲከፈት ጥቁር ነው። ከታች ያለው የአውቶስትሬች እይታ ሲበራ ኔቡላው ብቅ ይላል፤ ይህ ግን እይታ ብቻ ነው፣ ፋይሉ አልተለጠጠም። እዚያ ላይ አስቀምጦ የወጣ ሰው በሌላ ፕሮግራም ሲከፍተው ጨለማ ያገኛል። ብዙ ጀማሪ ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል ብሎ የሚተወው በዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በዲተር የተቆራረጡትን ዳሮች ቁረጡ፤ ካልተቆረጡ ቀጣዩ እርምጃ እነሱን እንደ ሰማይ ይቆጥራቸዋል። ከዚያ የግራዲየንት (ወጥ ያልሆነ የጀርባ ሰማይ ብርሃን) ማስወገጃ፦ የናሙና ነጥቦቹን ኔቡላና ደማቅ ኮከብ ላይ ካረፉበት አንሱ፣ ማስተካከያውን በመቀነስ አድርጉት። የግራክስፐርት ነጻ ፕሮግራም ይህን በተሻለ ይሠራል፣ በተለይ ግራዲየንቱ የተወሳሰበ ሲሆን። ኔቡላው ሜዳውን ሙሉ በሞላበት ምስል ላይ ግን ሁለቱም ደብዛዛውን ጋዝ እንደ ብክለት ቆጥረው ይበሉታል፤ በዚያን ጊዜ ዝቅተኛውን የአንደኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል ተጠቅማችሁ ቀሪውን እንዳለ ተዉት።

ቀጥሎ ምስሉ የሰማዩን ቦታ እንዲያውቅ ፕሌት ሶልቭ፣ ከዚያም በከዋክብቱ ላይ የተመሠረተው የቀለም ማስተካከያ። ፕሌት ሶልቩ እንቢ ሲል የተጻፈውን የትኩረት ርቀት እዩ፤ ሪዲውሰር ገብቶ ቁጥሩ ሳይቀየር የቀረበት ብዙ ነው። ፒክስሉ 3.76 መሆኑንም አረጋግጡ። ዲኮንቮሉሽን (የደበዘዘ ዝርዝርን የሚያጠራ ስሌት) እና ኖይዝ መቀነሻ ካስፈለገ እዚህ፣ ከመለጠጡ በፊት ይግቡ፤ ኖይዝ መቀነሻውን ግን ግማሽ ላይ ያዙት። ሙሉው ሲሰጥ ጋላክሲው የሰም ሥራ ይመስላል።

አሁን ስታርኔት ከዋክብቱንና ኔቡላውን ይለያያል፤ እሱ ለብቻው የሚጫን ፕሮግራም ስለሆነ ያለበትን ቦታ በሲሪል ምርጫዎች ውስጥ ማሳየት ያስፈልጋል። ኔቡላውን በጄኔራላይዝድ ሃይፐርቦሊክ ስትሬች (የሲሪል መለጠጫ መሣሪያ) በትንንሽ እርምጃ ለጥጡት፦ ነጥቡን በሂስቶግራሙ (የብርሃን ስርጭቱን በሚያሳየው ግራፍ) ጉብታ ግራ እግር ላይ አድርጋችሁ፣ ኃይሉን ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ፣ ሦስት አራት ጊዜ። የጀርባ ሰማዩ 0.1 ገደማ ላይ ሲደርስ አቁሙ። ጥቁሩን ነጥብ ወደ ጉብታው ውስጥ ማስገባት ሰማዩን ያሳምረዋል፣ ደብዛዛውን የጋላክሲ ክንድ ግን አብሮ ይቀብረዋል። በሰዓታት የተሰበሰበ ብርሃን በአንድ የማውስ ጉተታ የሚጠፋበት ቦታ ይህ ስለሆነ አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። ከዋክብቱን ለብቻቸው በልከኛ ለጥጡ፣ ቀለማቸውን ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ መልሱ።

የኦሪዮን ኔቡላ መሐል በ60 ሴኮንድ ፍሬም ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። 5 ሴኮንድ የሆኑ 50 ፍሬሞች ለብቻ ደርቦ መሐሉን ከዚያ መውሰድ እንጂ በመለጠጥ የሚመለስ ነገር የለም፤ የሞላ ፒክስል ምንም አልመዘገበም።

ለማን፣ ለማን አይደለም

ከ300 እስከ 600 ሚሜ ባለው ቴሌስኮፕና በመካከለኛ ማውንት ለሚጀምር ሰው ከዚህ ካሜራ የተሻለ መነሻ አናውቅም። እንደ አንድሮሜዳና ፕሌያዲስ ያሉ ሰፋፊዎችን፣ የፍኖተ ሐሊብን የጋዝ ሜዳዎች በአንድ ፍሬም ማየት ለሚሻ ሰው ግን ያንቀዋል፤ እሱ ጥሩ ፍላትነር ካለው ወደ 571 ይሂድ።

ከብርሃን ብክለት ሥር ሆነው ኔቡላን ብቻ የሚያነሱ ደግሞ አንድ ነገር ያስቡ። ባለሁለት ባንድ ፊልተር የሃይድሮጅንን 656.3 እና የኦክስጅንን 500.7 ናኖሜትር ብቻ ያሳልፋል። በባለቀለም ሴንሰር ላይ የሃይድሮጅኑን ብርሃን የሚቀበለው ከአራት ፒክስል አንዱ፣ ቀዩ ብቻ ነው። ይህ ይሠራል፣ ሲሪልም ሁለቱን ለያይቶ የሚያወጣ ስክሪፕት አለው፤ በዚህ ፊልተር የተነሳ ምስል ላይ የተለመደውን የቀለም ማስተካከያ ግን አትጠቀሙ፣ የጠባብ ባንድ አማራጩን ምረጡ። የምታነሱት በአብዛኛው ኔቡላ ከሆነ ግን 533 ኤም ኤም የተባለው ጥቁርና ነጩ በአራቱም ፒክስሎች ይቀበላል፤ ለእሱ የፊልተር ጎማ (ፊልተሮችን የሚያቀያይር መሣሪያ) እና ሦስት ፊልተሮች መጨመር አለባችሁ፣ 1.25 ኢንች እሱም ይበቃዋል።